ሰፊ

ሱቄ ቧንቧ ውሃ፣ ልብስ ሰፊ ነኝ እኔ፣
ሁለት መኪና አለኝ፣ ሁለቱም እንደ ዓይኔ፤
አንዷ ቤት ተቀምጣ ክር ስትበላ ውላ፣
አንዷ በር ላይ ቆማ
የጦሳን ጉም አንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ጥላ።
ሁለቱም ሲሠሩ ግራ እግር ነው ዋናው፣
ረግጦ መልቀቅ ነው የዕድሜ ልክ ሙያው፤
ዘንድሮ ጉልበቴ «በቃኝ» አለ መሰል፣
ደረጃ ስወጣ እንደ በር ይጮሃል።

ዲኤክሷን የገዛሁ ከጦይባ ኒካ በሦስተኛው ዓመት፣
ሰባ ሁለት ሙሽራ አልብሼ አልብሼ በያዝኩት ጥሪት።
ሰማያዊ ነበረች፤
ዛሬ ሦስት ወንድማማች ተራ በተራ የጨረሱትን
የተማሪ ሸሚዝ ትመስላለች።
ግን እምቢ አትልም። ሐይቅ ለቅሶ ሲኖር፣ ከሚሴ ሠርግ ሲሆን፣
ሽኩሪያ ስትወለድ፣ በዚያ ሌሊት ዝናብ፣ ጎርፍ መንገድ ሲደፍን፣
ካንዴላዋን ጠርጌ «አብሽሪ» ስላት፣
አንዴ ሳል አድርጋ፣ ከዚያማ ማን ያቁማት!
ነዳጅ የጠፋ ሰሞን ሀረጎን በፎሌ ወርደናል ሁለታችን፣
ሞተሯ ተኝቶ፣ ነፋስ ብቻ እያወራን።

አምና ግን ጦይባዬ በስተግራ ዛለች፤
እጇም እግሯም አብረው። በዚህም ቀደመች።
ሐኪም ቤት የሰጣት ባለጎማ ወንበር
ቢያጋድሙት፣ ቢያጥፉት፣ ከዲኤክሷ ጀርባ አልገባ አለ ከምር።
ጣራ ላይ አሰርነው በገመድ ጠፍረን፤
እሷ ከውስጥ ሆና፣ እግሯ ከጣራ ላይ፣
ያየን ሁሉ ይጠይቃል፦ «ወንበር ትሸጣላችሁ ወይ?»

«ሰፊ ግዛ፣» አለ መካኒኩ ሙሄ፣ እጁን በጋዝ አጥቦ፣
«ማርሹን ራሱ የሚቀይር፣ ኦቶማቲክ የሚሉትን።
ያ ጉልበትህ ይረፍ፣ እኔንም አሳዘነኝ፤
ሰፊ ለሰፊ ነው!» ብሎ ሳቀብኝ።

ደላላው አራጋው ቀይ ይዞ ከች አለ፦
«ቆዳዋን ይዳስሱ፤ ስክሪኗስ፣ ጋሸ፣ ምንስ ጎደለ?»
ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ፣ የበሩን ስፋት፣ የወለሉን ከፍታ፣
የጦይባን ወንበር ትከሻ ለካሁ በዝግታ።
አራጋው ተገረመ፦ «ሞተሩን አይሰሙም?»
«ሞተር ገበር ነው ልጄ፤ ገበር ብቻውን ሰው አያለብስም።»
ስድስት ጣት ጎደለ። ቀይዋ ተመለሰች።

ሁለተኛው ነጭ ነው፣ ሆዳም፣ የድፎ ዳቦ ቁራጭ የመሰለ፣
በሩ እንደ መጋረጃ በጎን የሚሳብ፣ ጣራው ከፍ ያለ።
ጣውላ አጋደምን፤ ጦይባ ከነወንበሯ ገባች፤
አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፣ እንደ አዲስ ተከራይ ዞራ አየች፤
«እዚህ ጋ መስኮት አለ፣» አለች።
ይህን የሰማ አራጋው
ሃያ ሺህ ጨመረ። እኔም ዝም አልኩ፤ ምን ልበለው?

መሪውን ጨብጬ ከግቢ ስወጣ ግራ እግሬን ግራ ገባው፤
ይረግጣል፣ ፍሪሲዮን የለም፤ ምንጣፍ ነው የሚያገኘው።
ጡረታ የወጣ ዘበኛ እንዲህ ነው፤ ሲነጋ ካፖርቱን ደርቦ
በሩ ድረስ ሄዶ ይመለሳል፣ ሌላ ዘበኛ አይቶ።

ዲኤክሷን የሐይቅ ዓሣ ነጋዴ ወሰዳት፤ ይመር ይባላል።
«ካንዴላዋን ጠርገህ ‹አብሽሪ› በላት፣» ስለው፣ «መኪና ይሰማል?»
ልነግረው ነበር።
ቁልፉን ሰጠሁትና ልብስ ልለካ ገባሁ።

ትናንት ከኮምቦልቻ፣ ከሽኩሪያ ቤት፣ ሀረጎን ስንወጣ፣
ነጩ ማርሹን ለራሱ ሲቀይር፣ እኔን ሳያማክር፣
ጦይባ መስኮቷ ጋ ዝንጀሮ ስትቆጥር፣
ከላይ በጥምዝምዙ ሰማያዊ ነገር መጣ፤
በፎሌ ነው፣ ድምፅ የለውም፣ ጣራው ላይ የዓሣ ሣጥን፤
ክላክስ ሳያደርግ አለፈን።

ግራ እግሬ ምንጣፉን ረገጠ፣ እስከ መጨረሻው፤ ቆየና ለቀቀ።
«ምኑን ረገጥከው?» አለች ጦይባ።
«ማርሽ ልቀይርላት ብዬ።»